ቫይረስ ሕያው ነውን? የደስታና የደስታ መሰል በሽታ ቫይረሶች እንደ አብነት

መግቢያ

በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በደራ ወረዳ በምትገኘው በሐሙሲት ዙሪያ በግና ፍየል ገበሬው ሲቸግረው የሚሸጣቸው ጥሪቶቹ ናቸው። እነዚህን እንስሳት ከሚፈጁ ደዌዎች አንዱ ደስታ መሰል በሽታ ነው። መከላከያ ክትባቱ ቢሾፍቱ ተመርቶ፣ በደረቅ ዱቄት መልክ በብልቃጥ ታሽጎ፣ ከቅዝቃዜ ሳይወጣ ወደ ወረዳዎች መድረስ አለበት። ባለሙያዎች «የተዳከመ ሕያው ክትባት» ይሉታል። ይሁንና በብልቃጡ ያለው ቫይረስ አይመገብም፣ አያድግም፣ በራሱም አይራባም። እንግዲህ ሕያው የተባለው ምኑ ነው? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በዚህ ቫይረስና የቅርብ ዘመዱ በሆነው፣ የቀንድ ከብትን በሚያጠቃው የደስታ ቫይረስ አብነት ይመረምራል።

ሁለቱ ወገኖች

እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካዊው ኬሚስት ዌንደል ስታንሊ የትንባሆ ሞዛይክ ቫይረስን እንደ ጨው በክሪስታል መልክ ለይቶ አወጣ፤ ክሪስታሉም ትንባሆን የመበከል ኃይሉን አላጣም ነበር። ቫይረስ ሕይወት የለውም የሚሉ ሊቃውንት በዚህ ይጀምራሉ። የደስታ ቫይረስ ወደ 16,000 በሚጠጉ ኑክሊዮታይዶች የተጻፈ አንድ የአርኤንኤ ዘለላና የፕሮቲንና የስብ ሽፋን ብቻ ነው። አርኤንኤውን የሚገለብጥ ኢንዛይም ይዞ ቢገባም፣ ፕሮቲን የሚሠራበት ራይቦዞምም ሆነ ኃይል የሚያመነጭበት ሥርዓት የለውም፤ ሁሉንም ከሕዋሱ ይወስዳል።

ተቃራኒው ወገን የዘር ውርስንና ዝግመተ ለውጥን ያነሣል። ዋልተር ፕላውራይት ኬንያ ውስጥ፣ ሙጉጋ ላይ፣ የደስታ ቫይረስን በጥጃ ኩላሊት ሕዋሳት ላይ 90 ጊዜ ያህል በተከታታይ አራባው። በመጨረሻ የተገኘው ዝርያ ከብትን ሳያሳምም ከበሽታው የሚከላከል ሆነ። ቫይረሱ ከትውልድ ትውልድ ተለውጦ ከአዲሱ አካባቢው ጋር ተስማማ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ከድንጋይ የሚጠበቅ ጠባይ አይደለም።

ፈረንሳዊው ፓትሪክ ፎርቴር ሁለቱን ለማስታረቅ ሞክሯል። በእርሱ አስተሳሰብ ቅንጣቱ እንደ ዘር ፍሬ ነው፤ ሕያው የሚባለው ቫይረሱ የተቆጣጠረው ሕዋስ ነው። ንጽጽሩ ግን ጉድለት አለበት። የጤፍ ፍሬ ለመብቀል የሚያስፈልጉት ሕዋሳት በውስጡ አሉ፤ የቫይረስ ቅንጣት ግን አንድም ሕዋስ የለውም።

የመጥፋት ትርጉም

የደስታ በሽታ በ1880 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ አብዛኛውን ከብት ፈጀ። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ ተሳነው፤ እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ረኃብም «ክፉ ቀን» ተባለ። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ቫይረሱ ግን በጥቂት ቤተ ሙከራዎች ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀርቷል። እንግሊዝ የሚገኘው የፐርብራይት ኢንስቲትዩት ክምችቱን እ.ኤ.አ. በ2019 ያጠፋው የዘረመሉን ቅደም ተከተል አስቀድሞ መዝግቦ ነው። ከዚያ ቀደም፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ኤካርድ ዊመርና ባልደረቦቹ የፖሊዮ ቫይረስን ከተጻፈ ቅደም ተከተል ተነሥተው በቤተ ሙከራ ሠርተው ነበር። የሞተ እንስሳ ከመዝገብ አይነሣም፤ የቫይረስ ጽሑፍ ግን የሚያነበው ሕዋስ ካገኘ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ «ጠፋ» ማለት በከብቶች መካከል መዛመቱ ቆመ ማለት እንጂ የመመለስ ዕድሉ ተዘጋ ማለት አይደለም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ድምዳሜ ቫይረስ ለብቻው ሕያው አይደለም፣ ከሕይወት ውጭም አይደለም የሚል ነው። ሕይወቱ ከሕዋስ ጋር በሚገናኝበት ጊዜ የሚታይ እንጂ ተሸክሞት የሚዞር አይደለም። «ሕያው ክትባት» የሚለው ስምም ትንፋሽን ሳይሆን ይህንን ወደ ሕዋስ ገብቶ የመራባት ችሎታ ያመለክታል። ቅዝቃዜው የሚጠብቀውም እርሱኑ ነው። ሙቀት ያበላሸው ዱቄት ከደኅናው በዐይን አይለይም፤ ሬሳም ሽታም የለውም። ልዩነቱ የሚታወቀው ተከትቧል የተባለው መንጋ በሽታው ሲገባበት ነው። ደስታ መሰል በሽታን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት በተያዘው ዕቅድ ውስጥ፣ ይህ የሥነ ሕይወት ጥያቄ በሐሙሲት ገበሬ በረት የሚመለስ ነው።