ለምርምር ማዕከል ቃለ መጠይቅ እንዴት ልዘጋጅ?

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ ምሩቅ ነኝ። በጂንካ ግብርና ምርምር ማዕከል ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ፤ የላቦራቶሪ ልምዴ ግን ትንሽ ነው። በምን ላይ ላተኩር?

መልስ፦ ትርጓሜ ከመሸምደድ ይልቅ የአካባቢውን አንድ ችግር ከማሳ እስከ ውጤት አስቦ መጨረስ ይበልጣል። ለምሳሌ የእንሰት አጠውልግ በሽታን ይውሰዱ። በጂንካ ዙሪያ ባለው የአሪ ደጋ እንሰት የቤተሰብ ምግብ ነው። የበሽታው ባክቴሪያ በሳይንስ የተገለጸው እዚሁ አገራችን ውስጥ በ1968 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በተበከለ ቢላ ከተክል ወደ ተክል ይተላለፋል። «ምን ያደርጋሉ?» ቢባሉ፣ ከታመመውም ከጤነኛውም ናሙና እንደሚወስዱ፣ በየመሃሉ ቢላዎን እንደሚያጸዱ፣ ባክቴሪያውን ለይተው ጤነኛ ችግኝ ላይ በመርፌ ወግተው እንደሚሞክሩ ይናገሩ። ሌላ ችግኝ በንጹህ ውሃ ብቻ ወግተው ለማነጻጸሪያ ማቆየትዎን በፍጹም አይርሱ፤ ያለ እሱ ችግኙን ያጠወለገው ባክቴሪያው ይሁን መርፌው አይታወቅም።

ልምድ የሌለው ሰው ይህን ቢናገር ባዶ ወሬ አይሆንም ወይ? የሠሩትንና ያነበቡትን ለይተው ካስረዱ አይሆንም። ያልነኩትን መሣሪያ አውቃለሁ ማለት ግን በአንድ ተከታይ ጥያቄ ይጋለጣል። የትምህርት ውጤትና የጽሑፍ ፈተናም ይመዝናሉ፤ እውነት ነው። ሆኖም ተቀራራቢ ውጤት ያላቸውን ሰዎች የሚለየው አስተሳሰባቸው ነው። የሥራ ቦታው የእንስሳት ጤና ከሆነ፣ ይህንኑ አካሄድ በቆላው ከብት ለሚጨርሰው የገንዲ በሽታ ያዘጋጁት።