ያለ ቀናቸው ስለሚወለዱ ሕፃናት የሆስፒታል ጥበቃ

በእናቱ ማኅፀን 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሕፃን ያለ ቀኑ ተወለደ ይባላል። ሳንባው ገና አልጸናም፤ ሰውነቱ ስብ የለውም፤ ለመጥባትም አቅም ያንሰዋል። ስለዚህ ቶሎ ይበርዳል፥ ቶሎም በሕመም ይያዛል። የሆስፒታል ሥራ ማማሩም ሆነ መጓደሉ ከሁሉ ይልቅ በዚህ ደካማ ፍጡር ይታወቃል።

ለዚህ ነገር የካርቱም ታሪክ ትምህርት ይሰጣል። ከካርቱም ማዶ በምትገኘው በኦምዱርማን ሚስ ማቤል ዎልፍ የተባሉ እንግሊዛዊት በ1921 የአዋላጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ፊደል የማያውቁ ሴቶች ቢሆኑም፥ ንጽሕናን በቃልና በእጅ ልምምድ ተማሩ። በ1957ም በዚያችው ከተማ የእናቶች ሆስፒታል ተቋቁሞ በሱዳን ታላቁ ማዋለጃ ለመሆን በቃ። በአፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም በተነሣው ጦርነት ግን ይህ ሆስፒታል ሥራውን ለማቆም ተገደደ፤ የሌሎችም ብዙ ሆስፒታሎች ዕድል ይኸው ሆነ። መብራት በተቋረጠበት ስፍራ የሕፃናት ማሞቂያ መሣሪያ ከተራ ሣጥን አይሻልም።

እንግዲያስ ጥበቃው በመሣሪያ ብዛት ብቻ አይመዘንም። በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፥ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ማሞቂያ ስላነሳቸው ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ፥ ገላ ለገላ አድርገው ማቆየት ጀመሩ። በ2021 የወጣ የአምስት አገሮች ጥናት እንዳስረዳው፥ ይህ ጥበቃ ሕፃኑ እስኪጠና ሳይጠበቅ ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ ሲደረግ የሞቱ ቍጥር በሩብ ያህል ቀነሰ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ይህንኑ አሠራር መክሯል።

በኢትዮጵያም ከ2016 እስከ 2018 በጎንደር፥ በጅማና በአዲስ አበባ በሚገኙ አምስት ሆስፒታሎች ምርመራ ተደርጎ ነበር። በሞት ከተለዩት 1109 ሕፃናት መካከል ከመቶ 45ቱ በሳንባ አለመጽናት፥ 30ው በተሕዋስያን በሚመጣ ሕመም፥ 14ቱ በመታፈን እንደ ሞቱ ታወቀ። ከነዚህ ሁለተኛውን በውሃ፥ በሳሙናና በትጋት በብዙ መቀነስ ይቻላል።

ስለዚህ ሆስፒታልን የሚጎበኝ ሹም ወይም የከተማ ሽማግሌ እነዚህን ይጠይቅ፦

1ኛ/ የሕፃኑ ሙቀት እንደ ተወለደ ተለክቶ ይጻፋልን? ከ36.5 ዲግሪ በታችስ ሲሆን ምን ይደረጋል?

2ኛ/ መጥባት ለማይችለው የእናቱ ወተት ታልቦ ይሰጠዋልን? እናቲቱስ ከልጅዋ ጋር የምታድርበት ስፍራ አላትን?

3ኛ/ ኦክስጅን በልክ ይሰጣልን? ሲያንስ ይገድላል፤ ሲበዛም ዓይን ያሳውራልና።

4ኛ/ ውሃ፥ ሳሙናና የመብራት ሞተር ነዳጅ ሌሊትም አይጓደልምን?

5ኛ/ የሞተው ሕፃን ሁሉ ከነክብደቱና ከነምክንያቱ በመዝገብ ይሰፍራልን?

በዚህ በመጨረሻው ነገር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እጅግ ጥቃቅኑን ሕፃናት የሚቀበል ሆስፒታል ብዙ ሞት ይመዘግባል፤ የማይቀበል ወይም የማይመዘግብ ግን ያለ ድካሙ የተመሰገነ ይመስላል። እውነተኛ ፍርድ ክብደትን ከክብደት ጋር በማስተያየት ይገኛል። መዝገቡም ሠራተኛውን ለመቅጣት የሚገለጥ ከሆነ እውነቱ ይሰወራል፤ ጉድለትን ለማረም የሚገለጥ ከሆነ ግን ነገ ለሚወለደው ሕፃን መዳኛ ይሆነዋል።