የአባይን ዳገት በሙሉ ጉልበት

መኪናህን ትወዳለህ። ይህን ለማንም ማስተባበል የለብህም። ላንድክሩዘርህን በገዛ እጅህ አጥበህ ስትጨርስ፣ ሞተሩን አስነስተህ ድምፁን ስታዳምጥ፣ ጎሃ ጽዮን ላይ ቆም ብለህ ቁልቁል ወደ አባይ በረሃ ስትመለከት የሚሰማህ ደስታ እውነተኛ ነው። «ቱርቦ ላስገጥም እፈልጋለሁ» ስትል ግን «ገንዘብ ተርፎህ ነው?» የሚልህ ሰው አይጠፋም። እኔ የምልህ ሌላ ነው። ምኞትህን አትደብቀው። ዋጋውን እስከ ሳንቲሟ አስላውና ለመክፈል ተነሣ። ሰውን ዕዳ ውስጥ የሚከተው ዋጋው ሳይታወቅ የተጀመረ ምኞት ነው።

ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የሞተር ጉልበት መመኘት ቅንጦት ብቻ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲሠራ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። በየጋራዡ የምናውቀውን የላንድክሩዘር ዋን ኤች ዜድ ሞተር ውሰድ። 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ጠንካራና ታማኝ ሞተር ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው፤ አዲስ አበባ ላይ የሚቀረው 100 ገደማ ነው። እንጦጦን ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚያወጣውም ለዚህ ነው፤ ፖምፓው ናፍታውን እንደወትሮው ይልካል፣ ናፍታውን የሚያነደው አየር ግን ሳስቷል። ወደ አፋር ስትወርድ ያው መኪና እንደ አዲስ የሚነቃው አየሩ ስለሚወፍር ነው። ቱርቦ የጎደለውን አየር በግፊት ያስገባል። የምትመኘው ነገር ምክንያት አለው፤ ምክንያት ያለው ነገር ደግሞ በወረቀት ላይ ይሰላል።

ስሌቱ የሚበላሸው የቱርቦውን ዋጋ ብቻ ስትጠይቅ ነው። የሶማሌ ተራ ነጋዴ ወይም ሻርጃ ያለው ዘመድህ የሚነግርህ የዕቃውን ዋጋ ነው፤ ሥራው ግን ከዕቃው ይሰፋል። ጭስ ማውጫው በሰፊ ቱቦ መቀየር አለበት፤ አለበለዚያ ቱርቦው ይታፈናል። የዘይት መውሰጃና መመለሻ ቱቦ ይገባል። ለ100 ፈረስ የተመቸው አሮጌ ፍሪሲዮን አዲሱን ጉልበት አይችልም፤ ዳገት መሐል ይንሸራተታል። የናፍታ ፖምፓው በባለሙያ እጅ ይስተካከላል። ከሁሉም በላይ የጭስ ሙቀት መለኪያ ያስፈልግሃል። ይህን መለኪያ እንደ ጌጥ የሚቆጥሩት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ከቱርቦው አስቀድሜ በዝርዝሩ አናት ላይ እጽፈዋለሁ። ምክንያቱም ዋን ኤች ዜድ ያለ ቱርቦ እንዲሠራ ተብሎ የተሠራ፣ ኮምፕሬሽኑ 22.4 ለ1 የሆነ ሞተር ነው። ያልተከፈተ ሞተር ላይ የሚገጥሙ ጠንቃቃ መካኒኮች ግፊቱን ከ7 እስከ 10 ፒ.ኤስ.አይ. ላይ ይገድቡታል። ከዚያ አልፎ ናፍታ ከበዛ ሙቀቱ ይንራል፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል፣ ፒስተኑ ይቀልጣል። የመለኪያ ገንዘብ የቆጠበ ሰው በኋላ ሞተር ለማውረድ ይከፍላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣ ወጪም አለ። መኪናህ ደክሞ የሚታይህ የአየር ማጣሪያው ታፍኖ፣ ኢንጄክተሩ አርጅቶ፣ የቫልቩ ክፍተት ሳይስተካከል ቆይቶ ሊሆን ይችላል። እነዚህን አሠራና እንደገና ንዳው፤ የጠፋው ጉልበት ከፊሉ በትንሽ ገንዘብ ሲመለስ ታያለህ። ቀጥሎ ፍሬን። ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፤ ሊማሊሞም ቢሆን ያው ነው። በፍጥነት መውጣት የሚችል መኪና በልኩ መቆም መቻል አለበት። ጥሩ የፍሬን ሸራ፣ አዲስ የፍሬን ዘይት፣ ያላለቀ ጎማ፤ እነዚህ ሳይሟሉ ለቱርቦ የሚወጣ ብር ያለ ቦታው የዋለ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ለስሌት እንዲመቸን ጠቅላላ ወጪው 500,000 ብር ሆነ እንበል። ቱርቦው ከነተከታዮቹ ዕቃዎችና ከነሥራ ዋጋው 300,000፣ ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑ፣ መለኪያውና መጠባበቂያው 200,000። 20 ሰዎች በወር 15,000 ብር የሚጥሉበት እቁብ ብትገባ እጣህ 300,000 ነው። ከዚያ ጎን በየወሩ 10,000 ብር ብታስቀምጥ በ20 ወር ሁለቱም ይሞላሉ። በወር 25,000 ከባድ ነው? ከሆነ እቁቡን ወደ 40 ሰው አስፋውና መዋጮውን ግማሽ አድርገው፤ የምትጠብቀው ጊዜ ይረዝማል እንጂ መንገዱ አይዘጋም። ጎብኚዎችን ይዘህ ላሊበላና ሰሜን ተራሮች የምትመላለስ ከሆነ ደግሞ ከእያንዳንዱ ጉዞ ክፍያ ላይ ድርሻውን እዚያው አንሣለት፤ ቤት ከገባ በኋላ ገንዘብ ብዙ ጌታ አለው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ላንሣ። እጣው በሦስተኛው ወር ከወጣልህ ደስ ይበልህ፤ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ የ17 ወር ባለዕዳ ነህ። የእቁቡ ዳኛ ዋስ የሚጠይቅህ ለዚህ ነው፤ ዋስህም ስሙን የሰጠህ አምኖህ ነው። ስለዚህ ቱርቦውን ግዛና በካርቶኑ አቆየው፤ ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑና መለኪያው እስኪሟሉ አትግጠም። አስቀድሞ መግዛቱ ጥቅም አለው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ለመግዛት ብር ብቻ ይዞ መቆየት ምን እንደሚያስከፍል ያን ጊዜ ሁላችንም አይተናል። እጣህ ዘግይቶ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ መጠባበቂያህን ከጠቅላላ ወጪው 20 በመቶ አታሳንሰው።

አሜሪካ ያለኸው ወንድሜ፣ ላንተ ፈተናው ሌላ ነው። አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጠህ በስልክህ አንድ ቦታ ስትነካ ዕቃው በሦስተኛው ቀን ደጃፍህ ይደርሳል። ክሬዲት ካርድህ 21 በመቶ ወለድ የሚያስከፍል ከሆነና የ3,000 ዶላር ዕቃ ገዝተህ በወር 75 ዶላር ብቻ ብትከፍል፣ ዕዳው የሚያልቀው ስድስት ዓመት ሊሞላ ሲል ነው፤ ከኪስህ የሚወጣው ደግሞ 5,200 ዶላር ገደማ። እንግዲህ እዚያም ቢሆን አገር ቤት የለመድከው እቁብ አለልህ፤ ከሀበሻ ጓደኞችህ ጋር ጀምረው።

የወረቀት ሥራውንም አትርሳ። ቱርቦ ከመግጠም ይልቅ ሞተሩን በሙሉ ለመቀየር ካሰብክ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬህ ላይ መስተካከል አለበት፤ ካልሆነ ቦሎ ስታሳድስ ወይም መኪናውን ስትሸጥ ጣጣ ይከተልሃል። ሙሉ ኢንሹራንስ ካለህም የተጨመረውን ዕቃ በጽሑፍ አሳውቃቸው። ይህን ሁሉ መልፋት ይገባዋል ወይ ብትለኝ፣ አዎ ይገባዋል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ በእጅህ ያለው መኪና በቀላሉ የሚተካ አይደለም፤ በሥርዓት የተያዘና በሥርዓት የጎለበተ መኪና ለዓመታት ያገለግልሃል።

በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብለህ ውጣና ወደ ጋራዥ ሂድ። ዋናውን መካኒክ «ጋሼ፣ ቱርቦ ላስገጥም አስቤያለሁ፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ ከነዋጋው ይጻፉልኝ» በላቸው። የሚሰጡህን ወረቀት እዚያው ቆመህ አንብብ። ፍሪሲዮንና የሙቀት መለኪያ ተጽፈው ካላየህ አመስግነህ ወደ ሁለተኛው ጋራዥ ተሻገር።