ባሕር ሳያዩ ለባሕር አደጋ መሰናዳት

እኛ የመሐል ሜዳ ልጆች የጓሣን ብርድ እንጂ የባሕርን ማዕበል አናውቅም። አገራችንም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ሆኖም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የማሪታይም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት የደጋውንም የቆላውንም ልጅ የመርከብ መሐንዲስ ያደርጋል። (የአርትስ ተማሪ ስለ ሞተር ምን አገባው የሚለን አይጠፋም፤ ከጓደኞቻችን መካከል ወደዚያ ለመሄድ የሚያስቡ ስላሉ ነው።)

ታዲያ ማዕበል ያላየ ሰው አደጋን በምን ይማራል? አንዱ መንገድ ሲሙሌተር ነው፤ ይኸውም የመርከብን ሞተር ክፍል መቈጣጠሪያ አስመስሎ የተሠራ መሣሪያ ነው። አስተማሪው በሌላ ክፍል ተቀምጦ ሳያስታውቅ ጄኔሬተሩን ያጠፋል። በእውነተኛው መርከብ የአደጋ ጊዜ ጄኔሬተር በ45 ሴኮንድ ውስጥ ኃይል መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ ምን እንደሚደረግ ተማሪው እዚያው ይፈተናል።

የከፋው እሳት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመለቀቁ በፊት የአየር መግቢያው ሁሉ ይዘጋል፤ ሰውም አንድ በአንድ ይቈጠራል፤ ጋዙ እሳቱን እንደሚያፍን ውስጥ የቀረውንም ሰው ያፍናልና። ቸኩሎ የለቀቀ ተማሪ ጓደኛውን «ይገድላል»፤ ሟቹ ግን ከጎኑ ቆሞ ይሥቅበታል።

መሣሪያው ሙቀትና ጢስ እንደሌለው አንዘንጋ። ዓለም አቀፉ የመርከበኞች ሥልጠና ስምምነት በ1995 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል ለራዳር ትምህርት ሲሙሌተርን ግዴታ አድርጓል፤ እሳት ማጥፋትን ግን ሠልጣኙ የመተንፈሻ መሣሪያ ለብሶ፣ ጢስ በሞላበት ክፍል ገብቶ ይማራል።