ልጄ ሲሳሳት ተስፋ ይቆርጣል

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ሂሳብ ሲከብደው «አልችልም» ብሎ ደብተሩን ይወረውራል። እንዳያለቅስ ብዬ የቤት ሥራውን እኔ እሠራለታለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የልጅን እንባ ማየት ከባድ ነው፤ እርሳሱን ግን ይመልሱለት። በሠሩለት ቁጥር «እናቴም አይችልም ብላለች» ብሎ ይረዳዋል። አጠገቡ ይቀመጡ፣ ንዴቱ ይብረድለት፤ ከዚያ «እስከ የት ገብቶሃል?» ብለው ይጠይቁትና ከዚያው ይቀጥል። ሲሳካለት «ጎበዝ» ብቻ ብለው አይለፉ፤ «በሌላ መንገድ ስለሞከርክ መጣልህ» ይበሉት። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በብልህነታቸው የተመሰገኑ ልጆች ከባድ ጥያቄ ካቃታቸው በኋላ የመቀጠል ፍላጎታቸው ሲቀንስ፣ በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ይበልጥ ጸንተዋል።

መምህሩንም ያነጋግሩ፤ ውጤቱ በክፍል ፊት እንዳይነበብ፣ የተሳሳተውን አርሞ የሚመልስበት ዕድልም እንዲሰጠው ይጠይቁ። ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ከቤትዎ ይቅር፤ በእኔ እምነት ብዙ ልጆችን አንገት የሚያስደፋው እሱ ነው። ለቅሶው ለሳምንታት ከቀጠለ፣ ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩት፤ ሰሌዳው በደንብ የማይታየው ልጅም «አልችልም» ይላል።