ባለሀብቱ ሲሞት ድርጅቱን ማን ይረከባል? የኩትስ ባንክ ቤተሰብ ታሪክ

አንድ ነጋዴ ዕድሜውን ሙሉ ደክሞ ያቆመው ድርጅት ከእርሱ በኋላ የሚኖረው ዕጣ በሁለት ጥያቄዎች ይወሰናል። አንደኛው "ሀብቱን ማን ይወርሳል?" የሚለው ሲሆን ሁለተኛው "ሥራውን ማን ይመራል?" የሚለው ነው። ብዙዎች ሁለቱን እንደ አንድ ጥያቄ ስለሚቆጥሩ ልጅ የሆነ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወራሽም ሥራ አስኪያጅም ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለውን ክርክርና ኪሳራ የገበያ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሁለቱን ጥያቄዎች ለይቶ በማየት ረገድ ከ300 ዓመታት በላይ ያስቆጠረው የለንደኑ ኩትስ ባንክ ታሪክ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከወርቅ ሠሪ ሱቅ የተነሳ ባንክ

ባንኩን የመሠረተው ኩትስ የሚባል ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1692 ጆን ካምቤል የተባለ ስኮትላንዳዊ ወርቅ ሠሪ ለንደን ውስጥ ስትራንድ በተባለው ጎዳና ሱቅ ከፈተ። በዚያን ዘመን ወርቅ ሠሪዎች ጠንካራ ካዝና ስለነበራቸው የደንበኞቻቸውን ገንዘብ በአደራ ያስቀምጡ፣ ደረሰኝ ይሰጡ፣ ከተቀመጠውም ላይ በወለድ ያበድሩ ነበር። የለንደን የግል ባንኮች ብዙዎቹ ከዚህ ሥራ የተወለዱ ናቸው።

ካምቤል በ1708 ጆርጅ ሚድልተንን በሽርክና አስገባ፤ ሚድልተንም የካምቤልን ሴት ልጅ አገባ። በ1720 የሌላው ስኮትላንዳዊ የጆን ሎው የሚሲሲፒ ኩባንያ ፈረንሳይ ውስጥ ሲወድቅ፣ ከሎው ጋር ይሠራ የነበረው ሚድልተን ለጊዜው ክፍያ ለማቆም ተገደደ። ሆኖም ቤቱ አገግሞ ሥራውን ቀጠለ።

የኩትስ ቤተሰብ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አባትየው ጆን ኩትስ የኤዲንብራ ነጋዴ ሲሆን እህል ይነግድ፣ የሐዋላ ሰነዶችንም ይገዛና ይሸጥ ነበር። ከ1742 እስከ 1744 የከተማዋ ከንቲባ ሆኖ ሠርቷል። በ1750 ሲሞት ፓትሪክ፣ ጆን፣ ጄምስና ቶማስ የተባሉ አራት ወንዶች ልጆች ተወ። ሦስተኛው ልጅ ጄምስ በ1755 የወርቅ ሠሪውን የካምቤልን የልጅ ልጅ አገባና የለንደኑ ባንክ ሸሪክ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ታናሽ ወንድሙን ቶማስን አስገባ። በ1775 የወንድማማቾቹ ሽርክና ፈረሰ፤ ጄምስም በ1778 ሞተ። ባንኩ በቶማስ እጅ ቀረ።

ኤዲንብራ የቀረው ቤትስ?

አባትየው ኤዲንብራ ውስጥ ያቆመው ቤት ሌላ መንገድ ሄደ። ልጁ ጆን በ1761 ሞተ፣ ፓትሪክ የአእምሮ ሕመምተኛ ሆነ፣ ሁለቱ ታናናሾች ደግሞ ለንደን ነበሩ። ሥራውን የሚያውቀው ማዕረግ እንጂ ሀብት ያልነበረው ዊልያም ፎርብስ ነበር። ፎርብስ ወደ ቤቱ የገባው በ1754 ሥራ ለማጅ ሆኖ ነው። ቀስ በቀስ ሸሪክ ሆነ፤ በ1773ም ቤቱ የኩትስን ስም ትቶ በፎርብስና በባልደረባው በሃንተር ስም መጠራት ጀመረ። በኋላም ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ የስኮትላንድ ዩኒየን ባንክ ሆነ፤ ይህም በ1955 ወደ ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ተቀላቀለ።

እንግዲህ ከአንድ አባት በተነሡ ሁለት ቤቶች፣ አንደኛው ስሙን ይዞ ሲቀጥል ሌላው ስሙን አጥቷል። ይሁን እንጂ ስሙን ያጣውም አልከሰረም። ልጆቹ መረከብ ሲያቅታቸው ሥራውን ከሥር የተማረ ሰው ዝግጁ ሆኖ ተገኝቷልና።

ሦስት ሴቶች ልጆችና አንድ ኑዛዜ

ቶማስ ኩትስ ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛን ጨምሮ የእንግሊዝ መኳንንት ባንከር ሆነ። ራሱ ግን በ1763 ያገባው በወንድሙ ቤት በአገልጋይነት ትሠራ የነበረችውን ሱዛና ስታርኪን ነው። ከእርሷ ሦስት ሴቶች ልጆች ያደጉለት ሲሆን ሁሉንም ለባለ ማዕረግ ዳረ። ሶፊያ ሰር ፍራንሲስ በርዴትን፣ ሱዛን የጊልፎርድን ኧርል፣ ፍራንሲስ ደግሞ የቢዩትን ማርኩዊስ አገቡ።

በዚህ ጊዜ ወንድ ልጅ የሌለው ሰው ባንኩን ለአማቾቹ ያከፋፍላል ተብሎ ቢጠበቅ አያስገርምም። ቶማስ ግን በ1815 ሱዛና እንደሞተች ሃሪየት ሜሎን የተባለችውን ተዋናይት አገባ። በ1822 ሲሞት የባንኩን ግማሽ ድርሻ ጨምሮ ሀብቱን ሁሉ ለእርሷ ተናዘዘ። ልጆቹ ቢያዝኑም ድርሻው አልተበታተነም። የዕለት ሥራውን እንደ አንትሮበስና ማርጆሪባንክስ ካሉት ቤተሰቦች የመጡ ሸሪኮች ቀጠሉበት።

ሃሪየትም በተራዋ ሀብቱን አልከፋፈለችም። ከቶማስ የልጅ ልጆች መካከል ዱድሊ ስቱዋርት የናፖሊዮንን የወንድም ልጅ ማግባቱ አላስደሰታትም ይባላል። በ1837 ስትሞት የመረጠችው የሶፊያን የመጨረሻ ልጅ አንጄላን ነበር። አንጄላ በ23 ዓመቷ 1.8 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወረሰች። ውርሱ ግን ከነማሰሪያው ነበር። ኩትስ የሚለውን ስም እንድትይዝና የውጭ አገር ዜጋ እንዳታገባ ታዘዘች። የባንኩ ድርሻ በአደራ የተያዘ ሆኖ ትርፉ ለእርሷ ይደርሳታል፤ አመራሩ ግን የሸሪኮቹ ነው።

የገንዘብ ባለቤትነትና የገበያ ዕውቀት

አንጄላ በርዴት ኩትስ ገንዘቧን ለትምህርት ቤት፣ ለድሆች መኖሪያና ለአብያተ ክርስቲያናት በማዋል ታወቀች፤ በ1871ም የባሮነስነት ማዕረግ በራሷ ስም አገኘች። ለዚህ ዓምድ አንባቢ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ያልተሳካላት ሥራ ነው። በ1869 በምሥራቅ ለንደን ኮሎምቢያ የተባለ ግዙፍ የገበያ አዳራሽ አስገነባች። ዓላማው ድሃው በርካሽና በንጽሕና ምግብ እንዲሸምት ነበር። ነጋዴው ግን ደንበኛው ባለበት ጎዳና ላይ መሸጥን መረጠ፤ የነባር ገበያ ባለጥቅሞችም ተቃወሙት። አዳራሹ በ1880ዎቹ ተዘጋ። በገንዘብ የሚሠራው ሕንፃ ነው፤ ገበያ ግን ሻጭና ገዢ ካልተስማሙ አይቆምም። የባንኩን አመራር ከወራሿ የለየው ኑዛዜ ዋጋ ምን እንደነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በ1881 አንጄላ በ66 ዓመቷ የ29 ዓመቱን ጸሐፊዋን ዊልያም አሽሚድ ባርትሌትን አገባች። ባርትሌት የተወለደው አሜሪካ ነበርና የኑዛዜው ቃል ተነሣ። ከክርክር በኋላ ከገቢዋ አምስት እጁ ሦስቱ ለእህቷ ለክላራ ተላለፈ። የባንኩ ደንበኞች ግን ገንዘባቸው አልተነካም።

አንጄላ ልጅ ሳትወልድ በ1906 ሞተች። ስሙን ያስቀጠለው መኒ የተባለ ቄስ ያገባችው የክላራ ዘር ነው። ልጇ ፍራንሲስ በ1913 ሎርድ ላቲመር ሆነ፤ ለስፔናዊው ሙዚቀኛ ለአልቤኒዝም የኦፔራ ድርሰት ጽፏል። ከተወላጆቿ አንዱ ሰር ዴቪድ መኒ ኩትስ ከ1976 እስከ 1993 የባንኩ ሊቀመንበር ነበሩ። በዚያን ጊዜ ግን ባንኩ የቤተሰቡ አልነበረም። በ1892 ከሽርክና ወደ ኩባንያነት ተለውጦ፣ በ1920 ናሽናል ፕሮቪንሻል ባንክ ጠቅልሎታል። ይህም በ1970 ወደ ናሽናል ዌስትሚንስተር፣ በ2000 ደግሞ ወደ ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ቡድን ገባ። ቡድኑ ከ2020 ጀምሮ ናትዌስት ይባላል። የኩትስ ስም ግን ዛሬም በሩ ላይ አለ።

ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ትርፍ የመካፈል መብትና ድርጅት የመምራት ሥልጣን ተለያይተው ሊሰጡ ይችላሉ። ልጅን ከትርፍ ሳይነፍጉ ቁልፉን ለሚያውቅበት ሰው መስጠት ልጅን መካድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ተተኪ በሞት ማግሥት አይፈለግም። ፎርብስ ከለማጅነት ተነሥቶ ቤቱን በስሙ እስኪያስጠራ 19 ዓመት ፈጅቷል።

ሦስተኛ፣ ሀብትን ሳይከፋፍሉ ማስተላለፍ ድርጅቱን ያጸናል፤ ነገር ግን የሌሎቹን ወራሾች ቅሬታ ያስከትላል። ሃሪየት ይህን ስለተረዳች ለቶማስ ልጆች በየዓመቱ ገንዘብ ትቆርጥላቸው ነበር።

አራተኛ፣ ኑዛዜ የሚጽፍ ሰው የነገውን ሁሉ ማሰር አይችልም። ሃሪየት የውጭ ዜጋን ስትከለክል በልቧ የነበረው የትናንቱ የዱድሊ ጋብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ማሰሪያው የያዘው ግን ራሷ የመረጠቻትን ወራሽ ነው።

በተራ ሽርክና የሚሠራ አንባቢ ደግሞ አንድ ነገር ማስታወስ አለበት። "የአባት ዕዳ ለልጅ" የሚባለው በሽርክና ቤት እውነትነት አለው፤ ሸሪክ ለድርጅቱ ዕዳ በግል ንብረቱ ጭምር ተጠያቂ ነውና። ስለዚህ የውል አቋሙን ማስተካከል፣ ድርሻን በጽሑፍ መለየትና ኑዛዜን በሕግ ባለሙያ ማስመርመር ጤና ሳለ የሚሠራ ሥራ ነው። ነገ ጧት ባለቤቱ ሱቁን ባይከፍት ቼክ የሚፈርመው ማን ነው? ዕዳና ብድሩን የሚያውቀውስ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ድርጅት፣ ካዝናው ሙሉ ቢሆንም፣ ዕድሜው ከባለቤቱ ዕድሜ አያልፍም።