«ሴቭ» ስንል ጽሑፋችን የት ይገባል?

ማኅበራዊ ሥራ የሚማር ሰው ስለ ዳታቤዝ ምን አገባው የምትሉ ትኖራላችሁ። ነገር ግን ነገ በሪቫሃ ጽሕፈት ቤት የምንመዘግበው የሰው ታሪክ የሚቀመጠው እዚያ ነው። መዝገቡ ከጠፋ አንዲት እናት ያንን ሁሉ እንደገና ልታወራ ነው። ለምሳሌ ፖስትግሬስን ልውሰድ፤ በነጻ ስለሚገኝ በላፕቶፓችሁ ጭናችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

ፖስትግሬስ ሰንጠረዦቹን ዲስክ ላይ በ8 ኪሎባይት ገጾች ከፋፍሎ ያስቀምጣል። ዲስክ ከራም ይልቅ ዘገምተኛ ስለሆነ፣ የተፈለገው ገጽ ራም ውስጥ ወዳለ የጋራ ቦታ ይገለበጣል። ማንም ካልቀየረው የዚህ ቦታ መጠን አብዛኛውን ጊዜ 128 ሜጋባይት ነው። አንዷ ሠራተኛ የከፈተችውን ፋይል ሌላዋ ወዲያው ብትፈልገው እዚያው ታገኘዋለች። ቦታው ሲሞላስ የትኛው ገጽ ይውጣ? ገጹ በተነካ ቁጥር እስከ 5 የሚደርስ ነጥብ ያገኛል። እንደ ሰዓት የሚዞር ጠቋሚ ደግሞ ባለፈ ቁጥር አንድ ነጥብ ይቀንስበታል። ዜሮ የደረሰና ማንም ያልያዘው ገጽ ቦታውን ይለቃል።

ስሞችን በፊደል ተራ መደርደርን ለመሰለ ሥራ ግን የግል ቦታ አለ፤ መነሻው 4 ሜጋባይት ነው። ካልበቃ ጊዜያዊ ፋይል ዲስክ ላይ ይከፈታል፣ ሥራውም ይዘገያል። ልብ በሉ፣ 4 ሜጋባይቱ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለአንድ ድርደራ ነው። አንድ ጥያቄ ብዙ ድርደራ ሊኖረው ስለሚችል፣ ቁጥሩን ዝም ብሎ ከፍ ማድረግ የሰርቨሩን ራም ሊጨርስ ይችላል።

አሁን ወደ «ሴቭ» እንምጣ። ያሻሻላችሁት ገጽ ለጊዜው ራም ውስጥ ብቻ ነው፤ መብራት ቢጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ፖስትግሬስ «ተቀምጧል» ከማለቱ በፊት ምን እንደተለወጠ በለውጥ መዝገብ ላይ ጽፎ ዲስክ ላይ ያሳርፈዋል። ገጹ ራሱ በኋላ ይጻፋል፤ ራም ውስጥ የተጠራቀሙት ለውጦች በመደበኛው በየ5 ደቂቃው ወደ ዲስክ ይወርዳሉ። ሰርቨሩ በድንገት ቢወድቅ፣ ሲነሣ የለውጥ መዝገቡን አንብቦ የጎደለውን ይሞላል። ጽፋችሁ «ሴቭ» ያላላችሁት ግን መዝገቡ ውስጥ የለም።

አንዳንዶች ለፍጥነት ብለው ይህን መጠበቅ ያጠፉታል። ያኔ «ተቀምጧል» የተባለ የመጨረሻ ለውጥም ሊጠፋ ይችላል። ለድረ ገጽ ጎብኚ ቆጠራ ምንም አይደል፤ ለቤተሰብ ፋይል ግን በእኔ አስተያየት አይገባም። ፖስትግሬስ የሚጠቀም መሥሪያ ቤት ከገባችሁ፣ የኮምፒውተር ባለሙያውን «ሲንክሮነስ ኮሚት በርቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።